በአንድ መንገድ ሁለት ጊዜ የማይሄዱት እማማ ሜይ

ማክሰኞ ጠዋት ታክሲዬን አስነስቼ ልወጣ ስል ስልኬ ጮኸ። ሄንሪ ነበር። እናቱ ሊነጋጋ ሲል በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው አልጋ ላይ እንደተኙ ማረፋቸውን ነገረኝ። ዘጠና ሰባት ዓመታቸው ነበር። አልዋሽም፣ አለቀስኩ። ትንሽ ቆይቼ ግን እዚያው መሪውን እንደያዝኩ ብቻዬን ሳቅኩ። ማክሰኞ የእኛ ቀን ስለነበር፣ እጄ በልማድ ጂፒኤሱን ሊያጠፋ ሲሄድ አየሁታ።

እማማ ሜይ ቻይናዊት ነበሩ። አሜሪካ ባለችው አሌክሳንድሪያ ውስጥ፣ ላንድማርክ በሚባለው ሰፈር፣ እኔና ባለቤቴ አልማዝ በምንኖርበት አፓርትመንት፣ ከእኛ ሁለት ፎቅ ከፍ ብለው ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ሕንፃው ግማሹ ሐበሻ ስለሆነ ማንም ሳይጠይቃቸው እማማ ተባሉ፤ እሳቸውም ሳይከፋቸው ተቀበሉት። በጣም አጭር ናቸው። ጫማቸውን የሚገዙት ከልጆች ክፍል ነው፤ እንዲያውም ሲራመዱ ተረከዙ ላይ መብራት ብልጭ ድርግም የሚልበት አንድ ጥንድ ነበራቸው። ለምን ይህንን መረጡ ብዬ ብጠይቃቸው፣ በዚህ ዕድሜዬ መኪና ቢገጨኝ አላየኋትም የሚል ሾፌር እንዳይኖር ነው አሉኝ።

ባላቸው አሜሪካዊ የአውሮፕላን መካኒክ ነበሩ። የጃፓን ጦርነት እንዳበቃ እዚያው ቻይና ተዋውቀው፣ ተጋብተው፣ ወደዚህ ይዘዋቸው መጡ። ከሞቱ ብዙ ዘመን ሆኗቸዋል። የወለዱት አንድ ልጅ ሄንሪ ነው። ሰባዎቹን የጀመረ፣ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ የጥርስ ሐኪም ሲሆን የሚኖረው ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እማማ ሜይም በየማክሰኞው እዚያው ሲልቨር ስፕሪንግ፣ አረጋውያን የሚሰባሰቡበት አዳራሽ፣ ማጆንግ የሚባለውን የቻይናዎች ጨዋታ ሊጫወቱ ይሄዳሉ። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ወሳጅም መላሽም እኔ ነበርኩ።

የመጀመሪያው ቀን ትዝ ይለኛል። መጥተው ከኋላዬ፣ ልክ ከወንበሬ ጀርባ ተቀመጡ። አድራሻውን ጂፒኤሱ ላይ ስሞላ አዩና አጥፋው አሉኝ። መንገዱን ያውቁታል ወይ ብላቸው፣ ገና አልወሰንኩም ብለው መለሱ። ያን ቀን ከተማውን በሚዞረው ቤልትዌይ በሚባለው አውራ ጎዳና፣ በዊልሰን ድልድይ ሄድን። ስንመለስ ግን ከተማውን በመሃል ሰንጥቀን እንድናልፍ ፈለጉ። በሚቀጥለው ማክሰኞ በሁለቱም አልነበረም። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ትምህርት ቤትና አንድ የመቃብር ቦታ ዞረን፣ በሕይወቴ አይቼው የማላውቀውን የወንዝ ዳር መንገድ ተከትለን፣ አርባ ደቂቃ በሚፈጀው መንገድ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀን። መታጠፊያው ጋ ደርሰን ካልሆነ በስተቀር በየት እንደምንሄድ አይነግሩኝም። ማታ ለአልማዝ፣ ሴትዮዋ ጭንቅላታቸው ትንሽ ሳይነካ አልቀረም ብዬ ነገርኳት። እሷም ቀና ሳትል፣ መንገድ የጠፋህ አንተ እንደሆንክ በምን ይታወቃል አለችኝ።

በመንገዳችን ላይ ቡና የምንገዛበት ቤት አለ። ልጅቷ ኩባያው ላይ የምትጽፈውን ስም ስትጠይቃቸው፣ እማማ ሜይ አንድም ቀን አንድ ዓይነት ስም ሰጥተው አያውቁም። ሱዛን ይላሉ፣ ሊንዳ ይላሉ፣ ግሎሪያ ይላሉ። አንድ ቀን ልጅቷ ጮክ ብላ "አልማዝ!" ስትል ልቤ ድንግጥ አለ፤ ባለቤቴ የመጣች መስሎኝ ነው፣ ጣፋጭ ዳቦ እንዳልበላ ሐኪም ከከለከለኝ ወዲህ ዓይኗን ከእኔ አትነቅልምና። እማማ ሜይ ግን በኩራት ሄደው ኩባያቸውን ተቀበሉ። ከዚያ በኋላ አልማዝን ሊፍት ውስጥ ባገኟት ቁጥር፣ ስምሽ ጥሩ ቡና ያመጣል ይሏታል። አልማዝ ነገሩ ስላልገባት እኔን ትጠይቀኛለች፤ እኔም ዳቦውን ሳልጠቅስ ማስረዳት ስለማልችል ወሬ እቀይራለሁ።

ነገሩ የገባኝ በሁለተኛው ዓመት፣ በረዶ ጥሎ ድልድዩ ላይ ሁለት ሰዓት በቆምንበት ቀን ነው። የምንነጋገረው በእንግሊዝኛ ነበር፤ የእሳቸው ከእኔ፣ የእኔም ከእሳቸው የማይሻል ስለሆነ ደህና እንግባባለን። ከመኪናው ወጥቶ የት ይኬዳል፣ እሳቸው አወሩ፣ እኔ ሰማሁ።

ጃፓኖች መንደራቸውን ሲያቃጥሉ የአሥራ አራት ዓመት ልጅ ነበሩ። ከቤተሰባቸው የተረፈ አልነበረም። እኛ የውስጥ አርበኛ የምንላቸው ዓይነት ሰዎች ወሰዷቸውና አንድ ትንሽ ከተማ ውስጥ፣ የአንድ ቶፉ ሠሪ የወንድም ልጅ አስመስለው አስቀመጧቸው። ቶፉ ከአኩሪ አተር የሚሠራ፣ እንደ አይብ ነጭ የሆነ ምግብ ነው። ሜይ የሚለው ስም የወጣላቸውም፣ ወረቀቱም የተሠራላቸው ያኔ ነው። የቶፉ ቅርጫታቸውን ተሸክመው በኬላ እያለፉ ለአርበኞቹ መልእክት ያደርሳሉ። መልእክቱ በወረቀት አይሰፍርም። አንዴ ሰምተው በቃላቸው ይይዙታል፣ ለአንድ ሰው ይናገሩታል፣ ከዚያ በሌላ መንገድ ይመለሳሉ። በሄዱበት የተመለሱ ሁለት ጓደኞቻቸው ተይዘው ቀርተዋል።

እሳቸውም አንድ ጊዜ ተይዘው ነበር። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ የጦር መኮንን ጠረጴዛ ይዞ፣ እየጻፈ ጠየቃቸው። ስምሽ ማን ነው፣ የት ትኖሪያለሽ፣ ማንን ታውቂያለሽ። የእሳቸው መልስ ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነበር፦ ሜይ እባላለሁ፣ ቶፉ እሸጣለሁ፣ የምኖረው ከአጎቴ ጋር ነው። በጥፊ ብዛት ግራ ጆሯቸው ደነቆረ፤ ከሦስቱ ዓረፍተ ነገር ሌላ ግን ጠብ አላለም። በአራተኛው ቀን ይህች ደደብ ናት ብለው ለቀቋቸው። ይህን ሲነግሩኝ በኩራት ነው፤ በዓለም ላይ ደደብ በመባሉ እንደሳቸው የተደሰተ ሰው አላየሁም። ከኋላዬ የሚቀመጡትም ደህናው ጆሯቸው ወደ እኔ እንዲሆን ነው።

ጦርነቱ ሲያበቃ በእጃቸው ያለው ወረቀት የሜይ ብቻ ነበር። በዚያ ስም አገቡ፣ በዚያ ስም መርከብ ተሳፈሩ፣ በዚያ ስም እጃቸውን አንስተው አሜሪካዊት ሆኑ። ባላቸው ያውቁ ነበር፤ ሄንሪ ግን አያውቅም። እናቱ በልጅነታቸው ልብስ ሰፊ እንደነበሩ ነው የሚያውቀው። ለምን ደበቁት ብላቸው፣ የማያውቅ ሰው ቢጠየቅም የሚናገረው የለውም አሉኝ። ከዚህ በላይ ግን አንድ ፍርሃት ነበራቸው። ወረቀቱ የሌላ ስም መሆኑ ከታወቀ ጋብቻውም ዜግነቱም ይፈርሳል፣ መልሰው ይልኩኛል ብለው ያምናሉ። ዘጠና ዓመት ሊሞላቸው የተቃረበ ሴት! ለማንም እንዳልናገር አስማሉኝ፤ በእመቤቴ ማልኩላቸው። እውነተኛ ስማቸውን ግን ለእኔም አልነገሩኝም። እኔም አልጠየቅኩም።

እንዲህ እንዲህ እያልን ዓመታት አለፉ። ዘጠና አምስት ዓመት ሲሞላቸው ግን ሄንሪ ይጨነቅ ጀመር። ክፉ ልጅ አይደለም፤ እሑድ እሑድ እየመጣ ማቀዝቀዣቸውን ሞልቶ ይሄዳል። አንድ እሑድ ከበሩ ኋላ የተሸከፈ ሻንጣ አገኘ። ማጆንግ የሚጫወቱ ሴቶች ደግሞ እናትህ ስሟን አንዴ ሊንዳ አንዴ ግሎሪያ ትላለች ብለው ነገሩት። እኔንም ጠርቶ በየት በየት እንደምንሄድ ሲጠይቀኝ መዋሸት አልቻልኩም። ሁሉን ደማምሮ እናቴ የመርሳት ሕመም ይዟታል ብሎ ደመደመ። እሱ ቤት አቅራቢያ እንዲህ ያሉ አረጋውያን የሚጠበቁበት ቤት አለ። ንጹሕ ነው፣ አበባም አለው። በሩ ግን በቁጥር ነው የሚከፈተው፤ ቁጥሩን የሚያውቁት ሠራተኞቹ ብቻ ናቸው። እማማ ሜይ ይህንን ሲሰሙ የጠየቁት ስለ ምግቡ አልነበረም። ስንት መውጫ አለው ብለው ጠየቁ።

ከመግባታቸው በፊት ምርመራ ማድረግ ያስፈልጋል ተባለና አንዲት ባለሙያ ሄንሪ ቤት መጣች። ያመጣኋቸው እኔ ስለነበርኩ ወጥ ቤቱ ውስጥ ሻይ ይዤ ተቀምጫለሁ፤ በሩ ክፍት ነው። ሴትየዋ ደግ ሰው ትመስላለች። ወንበር ስባ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች፣ ወረቀት አወጣች፣ እስክሪብቶዋን አዘጋጀችና ስማቸውን ጠየቀቻቸው።

"ሜይ እባላለሁ" አሉ።

የት እንደሚኖሩ ጠየቀቻቸው። ከአጎቴ ጋር አሉ። ቀኑን ምን ሲሠሩ እንደሚውሉ ጠየቀቻቸው። ቶፉ እሸጣለሁ አሉ። የተወለዱበትን ቀን፣ ያለንበትን ዓመት፣ የፕሬዚዳንቱን ስም ጠየቀቻቸው፤ ከዚያ በኋላ ጭጭ። ቀጥላ አምስት ቃላት ነግራቸው ቆየት ብላ ድገሙልኝ ስትላቸውም ግድግዳውን ማየት ጀመሩ። ሄንሪ ፊቱን በሁለት እጁ ሸፍኖ ሲያለቅስ አየሁት። እሱ እናቱን ያጣ መስሎታል፤ እኔ ደግሞ የአሥራ አራት ዓመቷን ልጅ ያየኋት ያን ቀን ነው።

ስንመለስ ድልድዩ ጋ ደረስን። ከዚያ ቀስ ብለው፣ "ሰው ተቀምጦ እየጻፈ ሲጠይቀኝ፣ ታደሰ፣ አፌ ሌላ መልስ አያውቅም" አሉኝ።

ለሄንሪ ልንገረው ብላቸው መሐላዬን አስታወሱኝ። ቤት ገብቼ በንዴት ጠረጴዛውን ስደበድብ አልማዝ ምን ሆንክ አለችኝ። የማልኩበትን ሳልነካ፣ እማማን በግድ ከቤታቸው ሊያስወጧቸው ነው፣ አንድ ዕድል ቢሰጣቸው ግን ያልፉታል ብዬ ነገርኳት።

"ታዲያ ሽማግሌ ላክበታ" አለች።

"ሄንሪ ሽማግሌ ምን እንደሆነ በምን ያውቃል?"

"ሲያያቸው ያውቃል።"

በዚህ ተስማማን። ከአንደኛ ፎቅ ጋሽ ተሰማ፣ ከእሳቸው ጋር ደግሞ ሁለት ወዳጆቻቸው ተመረጡ። ጋሽ ተሰማ ትልቅ ሆቴል በር ላይ ሠላሳ ዓመት እንግዳ ሲቀበሉ ኖረው ጡረታ የወጡ፣ ሚስታቸው የሞተችባቸው የሰማንያ ሁለት ዓመት አዛውንት ናቸው። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሦስቱም በሙሉ ልብሳቸው ላይ ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ አልማዝ የደፋችውን ዳቦ ይዘው ታክሲዬ ውስጥ ገቡ። ሲልቨር ስፕሪንግ ደርሰን ደወሉን ስጫን ሄንሪ በቤት ጫማ ወጥቶ በሩን ከፈተ። ሦስቱ እጅ ነሱ። ግቡ አላቸው፣ ገቡ። ተቀመጡ አላቸው፣ አልተቀመጡም። ጋሽ ተሰማ በሆቴል ቤት እንግሊዝኛቸው፣ ጉዳያችንን እሺ ሳይሉን አንቀመጥም ጌታዬ፣ የመጣነው ስለ ክብርት እናትዎ ልንለምንዎት ነው አሉ።

የሄንሪ ፊት አመድ መሰለ። ለካ ክሊኒኩ ውስጥ የምትሠራ አንዲት ሐበሻ ልጅ ስታገባ፣ ነጭ የለበሱ ሦስት ሽማግሌዎች አባቷ ቤት ሄደው እንዴት እንደቆሙ፣ እንዴት አንቀመጥም እንዳሉ አንድ በአንድ አጫውታዋለች። ዳቦውን አየ። ነጠላውን አየ። ሦስቱን በተራ፣ ጥርስ እንደሚመረምር ሰው ተመለከታቸውና ወደ እኔ ጠጋ ብሎ በሹክሹክታ፣ "ሙሽራው የትኛው ነው?" አለኝ።

መሬት ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የሰማሁትን ስተረጉምላቸው ሁለቱ አንገታቸውን ደፉ። ጋሽ ተሰማ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው በፍጹም ትሕትና፣ እኔ ለእሳቸው ገና ልጅ ነኝ ጌታዬ አሉት። ሄንሪ መጀመሪያ አፈጠጠ፣ ከዚያ ሳቁ ፈነዳ፤ እንባው እስኪፈስ፣ ወንበር ይዞ እስኪቆም ድረስ ሳቀ። ምርመራው ካለፈ ወዲህ እንዲህ አልሳቅኩም ብሎ ነገረን። እኛም ሳቅን። ከዚያ በኋላማ ነገሩ ቀለለ። ሽማግሌዎቹ የለመኑት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እናትየው በራሳቸው ቤት፣ በራሳቸው ወንበር ላይ ሆነው እንደገና ይጠየቁ። ሄንሪ እሺ አለ። ካልመለሰች ግን በወሩ መጨረሻ ትገባለች አለ፤ ሽማግሌዎቹም ይህንን ሰምተው ተቀመጡ፣ ዳቦውም ተቆረሰ።

በቀጣዩ ማክሰኞ ለእማማ ሜይ የሆነውን ሁሉ ነገርኳቸው። ስለ ሙሽራው ሲሰሙ በጣም ሳቁ፤ ጋሽ ተሰማ ጥርሳቸው የራሳቸው ነው ወይ ብለውም ጠየቁ። ወደ ቁም ነገሩ ስንመለስ ግን ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ካልመለሱ ቤታቸውን፣ እውነተኛ ስማቸውን ቢሉ ደግሞ ወረቀቱን ሊያጡ ነው። ያኔ ለማንም የማልናገረውን የራሴን ነገር አወጣሁ። እማማ፣ የእኔም የልደት ቀን እውነተኛ አይደለም አልኳቸው። የልደት ወረቀት በሌለበት አገር ተወልጄ፣ ፎርም ሲሞላልኝ አጎቴ በግምት ጃኑዋሪ አንድ ብሎ ጻፈው፤ እህቴ እንደምትለው ከሆነ ከወረቀቴ አራት ዓመት እበልጣለሁ። በሕንፃችን ውስጥ ጃኑዋሪ አንድ ቀን የተወለደውን ሐበሻ ብቆጥርልዎ ለሁሉም የሚበቃ ኬክ አይገኝም።

"አልመለሱህም?" አሉኝ።

"እስከ ዛሬ አልመለሱኝም። እርስዎንም የሚመልስ የለም። ጦርነት እኮ ነው ወረቀቱን የሠራው።"

በመስታወቱ ሳያቸው ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፤ አንድ ነገር የሚለማመዱ ይመስላሉ።

ቀኑ ደረሰ። ባለሙያዋ ያችው ናት። እማማ ሜይ መስኮቱ አጠገብ በወንበራቸው ተቀምጠዋል፣ ሄንሪ ሶፋው ጫፍ ላይ ነው፣ እኔን ደግሞ ግድግዳውን ተደግፌ እንድቆም እሳቸው ናቸው ያዘዙኝ። ሴትየዋ ወረቀቷን አውጥታ ስማቸውን ጠየቀቻቸው። በሩን አዩት። ሄንሪ ዓይኑን ጨፈነ። እኔ እመቤቴን እየተማጸንኩ ነው።

"የቱን ነው የምትፈልጊው?" አሉ በመጨረሻ። "የወረቀቱን ነው ወይስ እናቴ ያወጣችልኝን?"

ሴትየዋ አንድ ነገር ልትጽፍ እስክሪብቶዋን ስታነሳ ሄንሪ እጁን ዘርግቶ አስቆማት። እናትሽ ያወጣችልሽን ንገሪን አለ።

"ሹላን" አሉ። "ስሜ ሹላን ነው።"

ከዚያ ቀሪው ተከትሎ መጣ። ቶፉው፣ አጎት የተባለው ሰው፣ ኬላው፣ ሦስቱ ቀናት፣ ጆሯቸው፣ የባላቸው ምስጢር ጠባቂነት። ሻንጣው ለምን ከበሩ ኋላ እንዳለ፣ ኩባያው ላይ ለምን ግሎሪያ እንደሚባሉ። ሄንሪ አፉን ከፍቶ ነው የሰማው። ባለሙያዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ አለቀሰች። ስታበቃ ግን ሥራ ሥራ ነውና አምስት ቃላት ነገረቻቸው፤ ቆየት ብላም ድገሙልኝ አለች። እማማ ሜይ አምስቱን ከፊት ወደ ኋላ፣ ከኋላ ወደ ፊት ደገሙላት። የባለፈው ወርስ አይቆጠርም ወይ ብለው፣ ግድግዳ እያዩ ያሳለፏቸውን የመጀመሪያዎቹን አምስት ቃላትም አስከተሉ። የፕሬዚዳንቱን ስም ጠሩ፤ ስለ እሱ ያላቸውንም አስተያየት ጨመሩ። ሴትየዋ ከልቧ እየሳቀች፣ እኔን ማን ይመርምረኝ ብላ ወረቀቷን ሰበሰበች። ለሄንሪም እናትህ የትም መሄድ አያስፈልጋቸውም አለችው።

እሷ ወጣች። ሄንሪ ተነሥቶ እናቱ እግር ሥር፣ ምንጣፉ ላይ ተቀመጠ፤ ሰባ ዓመት ያለፈው ሰው ጉልበቱ እየተንቋቋ። ስምሽን ድገሚልኝ አላቸው። ደገሙለት። ሊለው ሞከረ፤ አንገታቸውን ነቀነቁ። ቻይንኛ ድምፁ ከተሳሳተ ሌላ ይሆናል፤ እሱ ደግሞ ልጅ ሆኖ አላስተማሩትም። እንደገና አለው። አይደለም አሉት። ለሦስተኛ ጊዜ ሞከረ፣ አሁንም አልሆነም። እኔ ልውጣላችሁ ብዬ ወደ በሩ ሄድኩ፤ በእነሱም በእኛም እናት በስሟ አትጠራምና ጆሮዬን ከበደኝ። እሳቸው ግን ልጃቸውን በጣታቸው ትከሻውን ነካ አድርገው፣ "ጥራኝ እንጂ፣ ሰማንያ ዓመት የጠራኝ የለም" አሉት።

ሄንሪ ትንፋሹን ሰብስቦ፣ "ሹላን" አለ። በአራተኛው ልክ ሆነ።

በቻይንኛ አንዲት አጭር ቃል መለሱለት። ትርጉሟን አልጠየቅኩም፤ ድምፃቸው ይበቃ ነበር። እናት ለልጇ የምትለው "ወዬ" አልነበረም። እናቷ ከደጅ የጠራቻት ልጅ የያዘችውን ጥላ እየሮጠች የምትለው "አቤት" ነበር።